እሾሁ ያደረበት ሣር

መምህር ሰብሃት ከጎድጓዳው ሥር በፊቱ ተደፍቶ ይታያል፤ ወርዶ የሚያነሳው ግን ጠፍቷል። ኢንስፔክተር ዓባይነሽ ከቦንጋ ተጠርታ ከሺሺንዳ በላይ ወዳለው ኮረብታ ስትደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጭጋጉ አልተነሳም፤ ሣሩም ጤዛውን እንደተሸከመ ነው።

«ሬሳ ወድቆ ቆማችሁ ታያላችሁ?» ብላ ወደ ቁልቁለቱ ስትራመድ አንድ ሻካራ እጅ ክንዷን ያዘ።

«ቆይ ልጄ» አሏት የኮረብታው ጥበቃና ንብ አናቢው ጋሽ ተሰማ። «ነፋሱ ሳይመጣ የወረደ አይወጣም።»

ኮረብታው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር። መምህር ሰብሃት ተማሪዎቹን እዚህ እያመጣ፣ «ያ ክብ ሸንተረር የእሳቱ አፍ ነው፤ እኛ የቆምነው ከንፈሩ ላይ ነው» እያለ ያስተምር ነበር። እሳቱ ከሞተ ቆየ፤ ትንፋሹ ግን አልሞተም። ከጎድጓዳው ሥር ካለው ፍል ውሃ የሚወጣው ከባድ ጋዝ ሌሊቱን እዚያው ተኝቶ ያድራል፤ አራት ሰዓት ገደማ ነፋስ ሲመጣ ይጠረጋል። ያገሬው ሰው ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገውም። ማታ የመውረጃውን አፍ በቀጋ እሾህ ይዘጋል፤ ነፋሱ ሲነሳ ይከፍታል። መዝጋቱም መክፈቱም የጋሽ ተሰማ ሥራ ነው።

እሾሁ አሁንም በቦታው ነበር። አስጎብኚው ባፈና ደግሞ እጁ በካቴና ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከዓባይነሽ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ አስሮት ነው። ባፈና ትናንት ማታ ሺሺንዳ ገበያ ውስጥ፣ መምህሩ በሌላ አስጎብኚ ሊተካው ነው በሚል ሰው እያየው ዝቶበታል፤ ዛሬ ሬሳውን ቀድሞ ያየውም እሱ ነው። ለፖሊሱ ነገሩ በዚያው አልቆለት ነበር።

«ዝተሃል?» አለችው ዓባይነሽ።

«ዝቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን ሺሺንዳ አድሬ አንድ ሰዓት ላይ ስመጣ እንደወደቀ ነው። እሾሁ ተዘግቷል። ጮህኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ?»

የሟቹ ባልደረባ መምህርት ሩሀማ ዓይኗ አብጧል። «ሰብሃት ለእሾህ የሚመለስ ሰው አልነበረም። አምና ‹አጉል እምነት ነው› እያለ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ተሻግሮት ነው የወረደው፤ ማንም አልገደለውም።»

ጋሽ ተሰማ ደግሞ፣ «ማታ በእጄ ዘጋሁት። ጎህ ሲቀድ ወደ ቀፎዎቼ ሳልፍም እንደተዘጋ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየሁም» አሉ።

የዓባይነሽ ክፉ ጸባይዋ ሰው የነገራትን ሣር መጠየቋ ነው። ተንበረከከችና እሾሁን ከፍ አድርጋ ከሥሩ ዳሰሰች፤ እጇ ራሰ። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ሌላ ቦታ ዳሰሰች። እጇን አየችው፤ ደረቅ ነበር። ቀጥሎ ሟቹ ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ የተወውን ቦርሳ ከፍታ ማስታወሻ ደብተሩን አገላበጠች። በመጨረሻም ባለፈው ሳምንት ለጎብኚ ከተተከለው፣ የእሳተ ገሞራ ሥዕል ካለበት ሰሌዳ ፊት ቆመች። ከሥዕሉ ጎን አምና ተማሪዎቹ የተነሱት ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ፎቶግራፉን ጠጋ ብላ አየችው። ቶሎ አልዞረችም።

ስትዞር ሦስቱንም ወደ ተማሪዎቹ አግዳሚ ጠራቻቸው።

«መምህርት ሩሀማ፣ የሚያውቁት የአምናውን ሰብሃት ነው። የዘንድሮው ሌላ ሰው ነበር። በየሳምንቱ የውሃውን ሙቀት ሊለካ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጽፈው እሾሁ መዘጋት አለመዘጋቱን ነው። የዛሬውን ስሙት፤ ‹12፡40። እሾሁ ዛሬ በጠዋቱ ተነስቷል። ጋሽ ተሰማ ነፋሱን ቢያዩት ነው፤ እወርዳለሁ።›»

«ተከፍቶ ነበር?» አለች ሩሀማ።

«ተከፍቶ ነበር። ተዘግቶ ያደረ እሾህ ከሥሩ ያለውን ሣር ከጤዛ ይከልላል። እዚህ ግን ሣሩ ርሷል። እዚያ ሁለት እርምጃ ላይ የእሾሁን ቅርጽ የያዘ ደረቅ ሣር አለ። እሾሁ ያደረው እዚያ ነው። ማታም አልተዘጋም፤ ጎህ ሲቀድም አልተዘጋም። የተዘጋው ሰውየው ከወረደ በኋላና ባፈና ሳይመጣ በፊት ነው። ባፈና ያየው እውነት ነው። ጎህ ሲቀድ ተዘግቶ አየሁ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ጋሽ ተሰማ አልዞረም። አዛውንቱ መሬት መሬት ያያሉ።

«ምክንያቱ ሰሌዳው ላይ ነው» አለች፤ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «አምና ተማሪዎቹ ፀሐይ ስትወጣ ሊያዩ መጥተው እዚህ ፎቶ ተነስተዋል። ሰብሃት ለፎቶው ብሎ እሾሁን ወደ ጎን ጥሎታል፤ ከእግሩ ሥር ይታያል። ከኋላቸው ቢጫ ቀሚስ የለበሰች፣ ጀሪካን የያዘች ልጅ ትታያለች። እነሱ ሳይዘጉት ሄዱ፤ እሷ ሙቅ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ሚስጥር ተሰማ፣ ዘጠኝ ዓመቷ። የሞተችው በዚያው ቀሚስ ነው።»

ሩሀማ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እኔ አልገፋሁትም» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«አልገፉትም።»

«ሲወርድ አየሁት። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ቃል እምቢ አለኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አምና አራት ጊዜ ቢሮሽ መጣሁ። ‹ዘግቼው ነበር፤ ማን ከፈተው?› አልኩሽ። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። እንዳታስታውስ ምን ያህል በወደደች። «‹መዝጋቱን ረስተው ይሆናል› አልኩዎት።»

«አመንኩሽ። የተማርሽ ነሽ። ዓመት ሙሉ ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ ብዬ ኖርኩ። እናቷም እንደዚያው ብላ ትታኝ ሄደች። እሱ ግን በየሳምንቱ እየመጣ፣ ‹ጋሽ ተሰማ፣ እንደምን አደሩ› ይለኛል። አንድ ቀን ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ፎቶውን ሲለጥፉት ልጄን አየኋት፤ ቆማ።»

ነፋሱ መጣ። ጭጋጉ ተገፈፈ፤ ዙሪያውን የከበበው ሸንተረር ቀስ በቀስ ወጣ። ዓባይነሽ የባፈናን ካቴና ፈታች። እሱም ማንንም ሳይወቅስ ታስሮ የነበረ እጁን እያሻሸ፣ መምህሩን ሊያነሳ ከፖሊሱ ጋር ወረደ።

«አሁን ይህን ትጽፊዋለሽ?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«እጽፈዋለሁ። ግዴታዬ ነው።»

«የልጄንስ?»

እስክሪብቶዋን ጨበጠች። ነፍሰ ገዳይ ስትይዝ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ አንድም ቀን ግን እንዲህ አቅም አንሷት አያውቅም። ይቅርታ ልትል አሰበች፤ ቃሉ አነሰባት።

«የእሷ መዝገብ ‹ድንገተኛ አደጋ› ተብሎ ተዘግቷል፤ ጋሽ ተሰማ። እሾሁን የከፈተው ሰው ሞቷል። መዝገቡን እኔ መልሼ ላስከፍተው ሥልጣኑ የለኝም።»

«ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ።»

አዛውንቱ አልተቆጡም። ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት፤ እሷም አሰረቻቸው።