የቶማስ ትርፍ ቁልፍ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

አንድ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ሻይ አፈላሁ። የልጄን የሃናን ቁርስ ከድኜ አስቀመጥኩ፤ ትምህርት ስለሌላት አልቀሰቀስኳትም። ነጠላዬን ለበስኩ፣ መኪናዋን ከግቢ አወጣሁ፣ በሩን መልሼ ዘጋሁ። ከዚያ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም ማርያም የሚወስደውን ዳገት ያዝኩ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ቀኑ እንደማንኛውም ቀን እንደጀመረ እንድታውቁልኝ ነው። እንቅልፍ አላጣሁም። አላመመኝም። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ መጻፍ አልተማርኩም።

የሆነውን ብቻ እነግራችኋለሁ።

ባለቤቴ ቶማስ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ስለ እሱ ብዙ መናገር አልፈልግም። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ልበል።

በመጨረሻዎቹ ወራት ሆስፒታል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። እሱ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል፤ ራሱን መስኮቱ ላይ ያስደግፋል። ካረፈ በኋላ ጋቢውን ከዚያ ወንበር አላነሳሁትም። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅም አልመልስም ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ... አንዳንድ ነገሮች ጀመሩ።

በሥራ ቀን የምሄደው በመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ነው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ትውላለች። ቅዳሜ ስከፍታት ግን የሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ አገኘዋለሁ። እግሬ ፍሬኑ ጋ አይደርስም። የኋላ ማሳያ መስታወቱም ወደ ላይ ተቃንቷል።

ቶማስ ረጅም ሰው ነበር።

ይህን ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ። ለኪሩ። ኪሩ የቶማስ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሃናን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። አበልጃችን ማለት ነው። የምንኖረውም በአንድ ግቢ ነው፤ የእሱ ቤት ከእኛ ቤት ጀርባ ነው።

ስነግረው ብዙ አሰበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለማንም አትንገሪ፣ አበልጄ።»

«ለምን?»

«ለሰው ከተነገረ... ተመልሶ አይመጣም።»

አልተናገርኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ የመኪናዋን በር ስከፍት ወደ ባዶው ወንበር እያየሁ «ደህና አደርክ» ማለት ጀመርኩ።

አንድ ነገር ግን ለኪሩም አልነገርኩትም። በብርድ ጠዋት የጋቢናው መስኮት ከውስጥ በኩል ጉም ለብሶ አገኘው ነበር። የእሱ መስኮት ብቻ። ሌሎቹ ደረቅ ናቸው።

ያን ለራሴ አስቀረሁት።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ቁስቋም ደረስኩና እንደወትሮዬ መኪናዋን በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ አቆምኩ። ቶማስ ያረፈው ከዚያ ግንብ ጀርባ ነው። ቦታው ዳገት ስለሆነ ጎማ ሥር ድንጋይ ሳላደርግ ትቼ አልሄድም። ቁልፉን እንደተሰካ ትቼ ወረድኩ። ታክሲ በጎኔ ያልፍ ስለነበር በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን አስገባሁ።

ጠቅ...

ቀና አልኩ። አራቱም በሮች ተቆልፈዋል።

ቁልፉ ውስጥ ነው። ስልኬ ውስጥ ነው። የቤቴም ቁልፍ ከዚያው ጋር ታስሯል።

«ምነው ልጄ?»

በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ የሚሸጡት እማማ ወለተማርያም ነበሩ።

«ቁልፉን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ እማማ።»

«አንቺ ቆለፍሽበት ወይስ እሷ ቆለፈችብሽ?» ብለው ሳቁ። «ትርፍ ቁልፍ የለሽም?»

«አለ። ባለቤቴ ጋ ነው።»

«ታዲያ ደውዪለታ። ባል ለመቼ ነው?»

በአገጬ ግንቡን አሳየኋቸው።

«እዚህ ነው ያለው።»

«ቅዳሴ ገብቶ ነው?»

«አይደለም፣ እማማ።»

ገባቸው። አማተቡ። ከዚያ ወዲያ አልቀለዱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶማስ ቁልፍ መኪና ውስጥ መርሳት ልማዱ ነበር። ስለዚህ ትርፉን ቁልፍ ማተቡ ላይ፣ ከእንጨት መስቀሉ አጠገብ አሰረው። «የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ መሰለህ እንዴ?» እያልኩ እስቅበት ነበር። እሱ አያወልቀውም። ሲተኛም አንገቱ ላይ ነው።

ባረፈ ቀን የሚገንዙት ወንዶች ገቡ። እኔ እንድገባ አልተፈቀደልኝም። ኪሩን በሩ ላይ ያዝኩትና አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት።

«ማተቡን እንዳይነኩበት። ከነማተቡ ይቀበር።»

ክርስቲያን ያለ ማተቡ አይቀበርም። ኪሩ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ሲወጣ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። የራሱን ማተብ በጣቶቹ ይዞ «ማተቤን... አልተነካም» አለኝ።

አመንኩት። ቁልፉም አብሮት እንደተቀበረ አውቅ ነበር፤ ቅር አላለኝም።

«እህቴ፣ ልክፈትልሽ?»

ዞር አልኩ። የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ነው። እጁ ላይ የታጠፈ ሽቦ ይዟል። ከየት እንደመጣ አላየሁም።

«አመሰግናለሁ፣ ሰው እጠራለሁ።»

«ምን ሰው ያስጠራል? አሁን ነው የምከፍትልሽ። ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን አይደለሁም።»

ብቻዋን የቆመች ሴት ለማታውቀው ሰው መኪናዋን አትሰጥም። ሰው ካለበት አትርቂ፣ የምታውቂውን ጥሪ ይባላል። ወደ እማማ ወለተማርያም ጠጋ አልኩ። ሰውዬው ግን ግንባሩን የጋቢናው መስኮት ላይ ለጥፎ ወደ ውስጥ አየ።

ቆየ።

«ታዲያ...» አለ፣ «እሳቸው ለምን አይከፍቱልሽም?»

«ማን?»

«ውስጥ ያሉት።»

«ጋቢ ነው» አልኩት። «ወንበሩ ላይ ያለው ጋቢ ነው።»

አሁንም አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሽቦውን ኪሱ ከተተ።

«ጋቢ ይተነፍሳል እንዴ?» አለ።

የቀልድ ድምፅ አልነበረም። ዳገቱን ቁልቁል ሲወርድ ወደ ኋላው አላየም።

እማማ ወለተማርያም ሳልጠይቃቸው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «ቶሎ ደውዪ» አሉኝ በሹክሹክታ።

በቃሌ የማውቀው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። የቶማስን እና የኪሩን። ሲም ካርዱን በአንድ ቀን ስላወጡ የሚለያዩት በመጨረሻዋ አሃዝ ነው። ለኪሩ ደወልኩ።

«አበልጄ፣ መኪናው ተቆልፎብኝ ቁስቋም በር ላይ ቆሜያለሁ። የምታምነው ቁልፍ ቀራጭ ካለ ይዘህልኝ ና።»

«ሰው አጠገብሽ አለ?»

«እማማ አሉ።»

«ለማንም እንዳታስነኪ። መጣሁ።»

ድምፁን ስሰማ ትከሻዬ ላላ። ሰው ሲደነግጥ የራሱን ሰው ድምፅ መስማት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስጠብቅ ወደ መኪናዋ ላለማየት ሞከርኩ። አየሁ ግን። የጋቢናው መስኮት ጉም ለብሷል። ጉሙ እየሰፋ... ጥቂት እየሳሳ... እንደገና እየሰፋ ነው።

እየሳሳ።

እየሰፋ።

ኪሩ ፈጥኖ መጣ። ብቻውን ነው።

«ቁልፍ ቀራጩስ?»

«አያስፈልግም። ብልሃት አለኝ። አንቺ እዚያው ሁኚ።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ሾፌሩ በር ተጠጋ። ትከሻው ከለለኝ። እጁን ኪሱ ሲያስገባ አየሁ።

ጠቅ።

ተከፈተ።

«ይኸው!» አለ፣ እየሳቀ። እጁን ግን ቶሎ ወደ ኪሱ መለሰ።

ከኪሱ አፍ ትንሽ ጥቁር ክር ተንጠልጥላለች።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ምንም። እ... ማለቴ፣ የሆነች ሽቦ ነገር።»

«አሳየኝ።»

«አበልጄ፣ ተከፍቷል እኮ። በቃ፣ ግቢና ጸልዪ።»

«ኪሩ፣ አሳየኝ።»

በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እጁን አወጣ።

የቶማስ ማተብ ነው። ትንሿ የእንጨት መስቀል አለች። አጠገቧ ቁልፉ አለ። ክሩ በአንድ በኩል ተበጥሶ በሌላ ቀለም ክር ተቀጥሏል።

እማማ ወለተማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ማተቡን በጠስከው?»

«ስሚኝ...»

«በጠስከው?»

«ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። ሰዎቹ ፈጠን በል ይሉኛል። በምላጭ...» የተቀጠለውን ቦታ በአውራ ጣቱ ሸፈነ። «ቁልፍ መሬት ውስጥ ምን ይሠራል? ያስፈልግሻል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልሰጠኸኝም?»

ክሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመው።

«ወንበሩስ?» አልኩት።

«የቱ...»

«ወደ ኋላ የሚገፋው ወንበር።»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«እኔ ነኝ።»

«መስታወቱስ?»

«እኔ ነኝ። አንቺ ሥራ ስትውዪ ጉዳይ እፈጽምበታለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ናፍቆኝ ነው።»

ኪሩም ረጅም ሰው ነው። ይህ ዓመት ሙሉ እንዴት ትዝ እንዳላለኝ አላውቅም።

«ለሰው አትንገሪ ያልከኝ ለዚህ ነው?»

«ደስ ሲልሽ አየሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ነው ብለሽ ደስ ሲልሽ... እንዴት ልንገርሽ? እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ማተቤን...»

እጁ ወደ አንገቱ ሄደ።

«አትማል» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

ሽቦ የያዘውን እንግዳ ሰው ፈርቼ አበልጄን ጠራሁ። እንግዳው ሰው የወሰደብኝ ነገር የለም። ይሄ ግን ባሌን ያለ ማተቡ አስቀብሮታል። ከዚያ በባሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ለባዶ ወንበር «ደህና አደርክ» ስል ከቤቱ መስኮት ሲያየኝ ከርሟል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር።

«መስኮቱስ?»

«ምን መስኮት?»

«የጋቢናው። ጉሙ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሲዋሽ አውቀዋለሁ፤ አሁን አውቄዋለሁ። ይሄኛው የውሸት ፊት አልነበረም።

«አበልጄ... የምን ጉም?»

ሁለታችንም ዞር አልን።

መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። መሀሉ ላይ፣ ሰው ራሱን በሚያስደግፍበት ቦታ፣ የግንባር ያህል ክብ ጠርቷል።

ኪሩ ማተቡን መዳፌ ላይ ጥሎ ሄደ። ሮጠ ማለት ይቀላል።

እኔ አልሮጥኩም። ወደ ውስጥ ገብቼ ጋቢውን ዳሰስኩት። ፀሐይ ገና ከግንቡ አልተሻገረችም ነበር።

ጋቢው ሞቃት ነው።

«ይቅርታ» አልኩት። «እኔ አላወቅኩም።»

ወደ ቤት ስነዳ ወደ ጎኔ አላየሁም። ከጎኔ ግን የሚሰማ ነገር ነበር። ትንፋሽ አልለውም። በመጨረሻዎቹ ወራት ዳገት ስንወርድ እሰማው የነበረው ዓይነት ድምፅ ነው።

ያን ቀን የቤቴን በር ቁልፍ ከነጋኑ ቀየርኩ። ማተቡን ከነመስቀሉና ከነቁልፉ በነጠላዬ ጫፍ አድርጌ ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩት። እሁድ ለንስሐ አባቴ ላሳይ ነበር። የተበጠሰ ማተብ ወደ ባለቤቱ እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው ብዬ። ነጠላዋን አልጋዬ አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት።

ሲነጋ መጀመሪያ ወደ መኪናዋ ወጣሁ። ብርዱ ከእንጦጦ ይወርዳል። መስታወቶቹን አየሁ። የጋቢናው መስኮት እንደ ሌሎቹ ደረቅ ነው።

ወንበሩ ትቼው በሄድኩበት ቦታ ነው። ጋቢው ቀዝቅዟል።

ተመልሼ መሳቢያውን ከፈትኩ። መቆለፊያው አልተነካም። ሃናን ጠየቅኳት፤ ወደ ክፍሌ አልገባችም። ነጠላዋ እንዳስቀመጥኳት ናት። የቋጠርኩት ቋጠሮም እንደጠበቀ ነው፤ በጥርሴ ነው የፈታሁት።

ቁልፉ አለ።

ማተቡ የለም።