የሄቲ ሦስተኛ ጣት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም.፣ በኦገስት ወር አጋማሽ፣ ከባሕረ ሰላጤው የተነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ባለው የእንግሊዞች ግዛት የምትገኘውን የአደላይድ ከተማ የድንጋይ ቤቶች በዝናብ ይገርፍ ነበር፤ በየመስኮቱም በፈረንሳይ ምድር የወደቁ ወጣቶች ፎቶግራፍ፣ ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበት፣ ወደ መንገዱ ያያል። በኖርዉድ ሰፈር፣ በወይዘሮ ትሬምባት ሳሎን፣ ሄቲ ኒኮልስ የተባለች የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የቤት ሠራተኛ ፒያኖው ፊት ተቀምጣ እጇን ትመለከት ነበር፤ በዚህ ዓለም አብዝታ የምትፈራውም ያንኑ እጇን ነበር።

እውነተኛ ስሟ ሄድቪግ ኒችከ ነው። የተወለደችው በባሮሳ ሸለቆ፣ በአንዲት የጀርመኖች የወይን መንደር ሲሆን፣ አባቷ የመንደሩ መምህር ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲነሣ ወታደሮች መጥተው ወደ እስረኞች ሰፈር ወሰዷቸው፤ ቆይቶም ትምህርት ቤቱ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ። እርሷም ቋንቋዋን ዋጥ አድርጋ፣ የእንግሊዝ ስም ይዛ ከተማ ገባች። የጀርመን ዘር ስሙን እንዳይለውጥ የጦርነቱ ደንብ ከልክሎ ነበርና፣ ብትታወቅ የሚጠብቃት ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን ወኅኒ ነበር።

ስሟን ለውጣለች፤ አነጋገሯንም አርማለች፤ ጣቶቿ ግን አልታረሙላትም። ወይዘሮ ትሬምባት አንድያ ልጃቸው ዴንዚል በዚያው ዓመት በጦር ሜዳ ወድቆ ቤቱ ጭር ቢልባቸው፣ እርሱ ይጫወተው የነበረውን የእሑድ መዝሙር የሚጫወትላቸው ሰው ሽተው ሄቲን ፒያኖ ማስተማር ጀምረዋል። እንግሊዞች ያን ጊዜ የፒያኖ ጀማሪን ጣቶች በቁጥር ሲጠሩ አውራ ጣትን በመስቀል ምልክት ይጽፉና፣ ከሌባ ጣት አንድ ብለው ትንሿን ጣት አራት ይላሉ፤ ጀርመኖች ግን አውራ ጣትን አንድ ብለው ትንሿን አምስት ይላሉ። ሄቲ በልጅነቷ በአባቷ ኦርጋን ላይ የቀሰመችው ይህንኑ ቆጠራ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወይዘሮዋ «ሦስት» ባሉ ቁጥር የመሀል ጣቷ ቀድሞ ይነሣል፤ ሄቲም ላብ በላብ ሆና እርሱን መልሳ የቀለበት ጣቷን ትልካለች።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ ጡረተኛው የመቶ አለቃ ቨርኮ ሻይ ሊጠጡ መጡ። እኚህ ሰው የተሸሸጉ ጀርመኖችን እያደነ ለፖሊስ ከሚጠቁመው ማኅበር ሹማምንት አንዱ ናቸው፤ ጦር ሜዳ መዝመት ዕድሜያቸው ስላልፈቀደ፣ ጦርነቱን በየሰው ሳሎን ይዋጉት ነበር።

«ሠራተኛዋ ፒያኖ ጀመረች አሉ» አሉ፣ ሳፍሮን በሚሉት ቢጫ ቅመም የተጋገረውን ዳቦ ፍርፋሪ ከጢማቸው እየጠረጉ። «ነገ ደግሞ ድመቷን ያስተምሯት ይሆናል።»

«ድመቷ ሰነፍ ናት። ሞክሬያት ነበር» አሉ ወይዘሮዋ።

«አንቺ ልጅ፣ አገርሽ የት ነው?»

«ሙንታ ነው ጌታዬ፤ የመዳብ ማውጫው ከተማ።»

«ሙንታ? እኔ እኮ የሙንታ ልጅ ነኝ። ኒኮልስ የሚባል ሰው ግን ትዝ አይለኝም።» ወንበራቸውን ወደ ፒያኖው አስጠጉ። «እስቲ ተጫወቺልን። ሦስተኛ ጣትሽን እዚያች ነጭ ቁልፍ ላይ አኑሪና ጀምሪ።»

ሄቲ የተጠየቀችው ምን እንደሆነ ገብቷታል። የቀለበት ጣቴ፣ የቀለበት ጣቴ ብላ ለራሷ ነገረች፤ ከዚያም እንዳትሳሳት በልቧ ቆጠረች፤ የቆጠረችው ግን በአባቷ ቋንቋ ነበር። የመሀል ጣቷ ወረደና ቁልፉን ተጫነ።

«ይሄ እኮ በኛ ሁለተኛ ጣት ነው» አሉ የመቶ አለቃው ቀስ ብለው። «በነሱ ነው ሦስተኛ። ማነው ያስተማረሽ?»

በፊቷ የዴንዚል የመዝሙር መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ ከየአውራ ጣቱ ኖታ በላይ የእንግሊዝ መስቀል በእርሳስ ተጽፎበታል። ሰውየው አንገታቸውን ትንሽ ቢያሰግጉ፣ በዚህ ቤት የሚቆጠረው በእንግሊዝ ቆጠራ እንደሆነ ያያሉ። ወይዘሮ ትሬምባት የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ፤ መጥተው መጽሐፉን ዘጉና ፒያኖው ላይ በቆመው በልጃቸው ፎቶግራፍ ሥር አኖሩት።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አሉ።

«እርስዎ? በጀርመን ቆጠራ?»

«እኔን ያስተማሩኝ ጀርመናዊ ነበሩ። ያኔ በዚህ ከተማ ከነሱ ሌላ ፒያኖ የሚያስተምር ማን ነበረ? እርስዎም ባርኔጣዎን አውልቀው ነበር ሰላም የሚሏቸው። ጥፋት ነው ካሉ፣ ልጄ እያየዎት ይክሰሱኝ።»

የመቶ አለቃው ፎቶግራፉን አዩ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

በሩ ሲዘጋ ሄቲ ወደ ወይዘሮዋ ዞረች።

«እሜቴ፣ እውነት ያስተማሩዎት ጀርመናዊ ነበሩ?»

«አክስቴ ናት ያስተማረችኝ። ጀርመን በዐይኗ አይታ አታውቅም።»

«ከመቼ ጀምሮ ዐወቁብኝ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ጣትሽ ተነሥቶ ሲመለስ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ወይዘሮዋ የልጃቸውን ፎቶግራፍ አቃኑት። «ዴንዚልን የገደልሽው አንቺ አይደለሽም። ይህን ጠዋት ጠዋት ለራሴ እነግረዋለሁ፤ አንዳንድ ጠዋት ግን አላምነውም።» መጽሐፉን መልሰው ዘረጉት። «አንድ ጊዜ ዋሽቼልሻለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም። አውራ ጣት መስቀል ነው። ከሌባ ጣት አንድ ብለሽ ቁጠሪ።»

ሄቲም እጇን ዘርግታ፣ እንባዋ በቁልፎቹ ላይ እየወረደ፣ ቆጠረች።

በቀጣዩ ዓመት የጀርመኖቹ መንደሮች ስም በዐዋጅ ተለወጠ፤ ይህንም የታሪክ ጸሐፊዎች በየመጽሐፋቸው አስፍረውታል። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው የመስቀሉን ቆጠራ እርግፍ አድርገው ተዉት፤ ዛሬ በአደላይድ ፒያኖ የሚጀምር ሕፃን ሁሉ አውራ ጣቱን አንድ ብሎ ይጀምራል፤ ቆጠራው ከማን እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ሄቲ ኒኮልስ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ፣ በጎን ካለው ክፍል የልጅ ልጆቿ የፒያኖ መምህር «ሦስት» ስትል በሰማች ቁጥር፣ እጇን ከጭኗ ሥር ትደብቅ ነበር።