ከጫፉ ጀምሪ

የሚዶው ሦስተኛ ጥርስ በውዴ ጠጉር ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ልጅቷ ጮኸች። አክስቷ ጸሐይነሽ በተረፈው እጀታ አናቷን መቷት።

«ያዢያት አልኩሽ» አሉ ወደ ሠርካለም ዞረው። «እጅ የለሽም?»

ሠርካለም እጅ ነበራት። የስምንት ዓመት እህቷን ሁለት ክንዶች ጉልበቷ ላይ ጠፍራ የያዘችው በእነዚሁ እጆቿ ነበር። እናታቸው ለሥራ ጅዳ ከሄደች ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሹሩባ በተሠራ ቁጥር የሁለቱ የሥራ ድርሻ አልተለወጠም፤ አክስቷ ይጎትታሉ፣ እሷ ትይዛለች። በሰፈሩ እንደ ጸሐይነሽ ቀጭንና ቀጥ ያለ ሹሩባ የሚሠራ አልነበረም። ስለዚህም የልጃገረዶች ጨዋታ በዓል የሆነው ሻደይ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው እናቶች ልጆቻቸውን ወደዚህ ግቢ ይልካሉ። አሁንም ከበሩ ውጭ አራት ልጃገረዶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ የውዴን ጩኸት እየሰሙ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

«ይሄ ጠጉር ነው ወይስ የግራር እሾህ?» አሉ ጸሐይነሽ፣ ሌላ ሚዶ እያነሡ። «የሠርካለም እንኳ ሁለት ጊዜ ሲጎትቱት ይፈታል። ይሄኛው እንደ ባለጌ ልጅ ካልመቱት አይሰማም።»

ሠርካለም ከንፈሯን ነከሰች። ትናንት ቦኖው ላይ የውኃ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ዘጠነኛ ክፍል አብራት የምትማረው መሰረት ከራሷ አንድ፣ ከሠርካለም ራስ አንድ ጠጉር ነቅላ እርጥብ ጀሪካን ላይ ለጥፋ አሳይታት ነበር። የሠርካለም ጠጉር እንደ ተተረተረ ሹራብ ክር ሰፋ ሰፋ ብሎ ተጠማዘዘ። የመሰረት ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ጥቅጥቅ ብሎ ታጠፈ።

«የውዴም እንደኔው ከርዳዳ ነው» አለች መሰረት። «ደረቁን ከሥሩ ይዘሽ ስትጎትቺው ቋጠሮውን ታጠብቂዋለሽ፤ እጥፋቱ ላይ ይበጠሳል። መጀመሪያ አርጥቢው። አራት ቦታ ክፈይና በጣትሽ ለያዪው። ከዚያ ከጫፉ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ። ቅቤውንም እርጥቡ ላይ ነው የምትቀቢው። እኔ የራሴን እንደዚህ ነው የምሠራው፤ እንባ የሚባል የለም።»

«ለአክስቴ ልንገራቸው?»

«ንገሪያቸዋ» አለች መሰረት እየሳቀች። «ቀብርሽ ላይ እገኛለሁ።»

አልነገረቻቸውም። አሁን ሁለተኛው ሚዶ ሲገባ ውዴ እንደ ተያዘ ድመት ተወራጨችና አንገቷን አዙራ የሠርካለምን እጅ ነከሰች። ጥርሷ ቆዳዋን ሰብሮ ገባ። ሠርካለም ልትለቅ ስትል ጸሐይነሽ ልጅቷን በጥፊ አጮሏት፤ ወዲያው በዚያው ጉንጭ ደገሟት። ከውዴ አፍንጫ የወረደው ደም የሠርካለም ቀሚስ ላይ ተንጠባጠበ።

«በቃ» አሉ ጸሐይነሽ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «እላጫታለሁ። ሻደይን በመላጣዋ ትጨፍር።»

ከቅቤው ጣሳ አጠገብ የነበረውን ምላጭ ከወረቀቱ አወጡ። ውዴ መጮኽ አቆመች። ባለፈው ዓመት ጠጉሯን ተላጭታ ለጨዋታ የመጣችን ልጅ «ማን ሞተባት?» እያሉ ከሳቁባት አንዷ እሷ ነበረች።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። ብትንቀሳቀስ ይቆርጣታል።»

ምላጩ ከግንባሯ በላይ ሲያርፍ ውዴ ተንቀሳቀሰች። ቀጭን ቀይ መስመር ከጠጉሯ ዳር እስከ ቅንድቧ ወረደ። ምላጩ እንደገና ሲነሣ ሠርካለም የእህቷን ክንዶች ለቀቀችና ስለቱን በመዳፏ ጨበጠችው።

«ይልቀቁት፣ አክስቴ።»

«አበድሽ? እጅሽን ይቆርጥሻል።»

«ቆርጦኛል። ይልቀቁት።»

ጸሐይነሽ ሳቡ። አልለቀቀችም። በሌላው እጃቸው ጠጉሯን ጨምድደው ራሷን ከግድግዳው ጋር አጋጩት፤ የጭቃው ምርጊት ትከሻዋ ላይ ረገፈ። ዓይኗ ጨለመ። ጣቶቿን ግን አልፈታችም፤ ደሟም በአክስቷ አንጓ ላይ እየፈሰሰ ወደ እጅጌያቸው ገባ።

ቀድመው የለቀቁት ጸሐይነሽ ነበሩ። ደም የነካውን እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጠው አዩት።

«እኔም ተይዤ ነው ያደግሁት» አሉ። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ ቀድደው ጨርቁን ጭኗ ላይ ጣሉላትና ሚዶአቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ።

ሠርካለም መዳፏን አሰረች። በጆግ ውኃ ቀድታ፣ የራሷን ሚዶ ይዛ ወደ ውዴ ተጠጋች። ገና እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ጥጉ ውስጥ ተወሽቃ ራሷን በክንዶቿ ሸፈነች።

«አትያዢኝ» አለች።

ሠርካለም ባለችበት ቆመች። የውዴ ዓይን የሚያየው ሚዶውን አልነበረም፤ እጆቿን ነበር።

ጥቂት ቆይታ ጀርባዋን ለእህቷ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ውኃውን በራሷ ላይ አፈሰሰችና ሚዶውን በትከሻዋ በኩል ወደ ኋላ አቀበለች።

«የኔን አንቺ አበጥሪ።»

ቆይቶ ትናንሽ እግሮች ተጠጉ። ሚዶው ከሥሩ ገባ፤ ውዴ ባላት ኃይል ሁሉ ጎተተች። ግድግዳው የመታው ቦታ ላይ ነበር። ሠርካለም እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አላነሣችም። ውዴ ደገመች። ሠለሰች።

«ያምሻል?»

«ያመኛል።»

ሚዶው አየር ላይ ቆመ። ከግቢው የሌላ ልጅ ልቅሶ ተሰማ፤ ተከትሎም የአክስቷ ድምፅ። «ሠርካለም፣ ነይ ይችን ያዢልኝ።»

ሠርካለም አልተነሣችም።

«ከጫፉ ጀምሪ» አለች፤ ውጭ ድንጋይ ላይ ለተቀመጡትም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «መጀመሪያ ጫፉን፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ።»

ግቢው ውስጥ የልጅቷ ልቅሶ ተቋረጠ። ሚዶው ከአናቷ ተነሥቶ ወደ ጠጉሯ ጫፍ ሲወርድ ተሰማት።