ከኩሬው በታች ያለው መዘውር

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ነው። ድም፤ ድም፤ ድም። አንድ ወጥ፣ የማይቸኩል። መርማሪ ኦዲላ ባካ ከሳንታ ፌ ስትነዳ ያረፈደችውን መኪና አጥፍታ ስትወርድ፣ ከአፈሩ ግድብ ማዶ የውሃ ፓምፕ የሚሠራ መስሏት ነበር። ዞር ስትል ግን በሸሪፉ መኪና የኋላ ወንበር ላይ በካቴና የታሰረ ወጣት አየች። ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር ያጋጫል።

«ማነው?»

«አማዴዮ ይባላል፣ የሟቹ የወንድም ልጅ» አለ ሸሪፉ። «የአጎቱን ጭንቅላት ውሃ ውስጥ ይዞ ነው የጨረሰው። ያሳደገችው አክስቱ ራሷ እሱ ነው ብላለች። ከቀትር በፊት ወህኒ አወርደዋለሁ።»

«የኩሬው ውሃ መክፈቻ መዘውርስ?»

«ስደርስ ዝግ ነበር።»

ሟቹ ሴሌዶኒዮ ከኩሬው ዳር ብርድ ልብስ ለብሶ ተጋድሟል። የሸለቆው የውሃ አባት ነበር፤ በዚህ ድርቅ ውሃ ለማን መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው እሱ ስለሆነ፣ ግማሹ መንደር እየረገመው ነው የኖረው። ኦዲላ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። በቀኝ ትከሻው ዙሪያ፣ የጋለ ብረት ያረፈበት ይመስል፣ የጠቆረ ክብ ምልክት አለ።

ኩሬው ከሰው ቁመት ትንሽ ይጠልቃል። ወለሉ ላይ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ሰፊ ቧንቧ አለ፤ በግድቡ ሥር አልፎ ቁልቁል ይወርድና ታች በብረት መዘውር ይዘጋል። መዘውሩ ሲዞር ውሃው ወደ እርሻዎቹ ቦይ ይፈሳል። ሴሌዶኒዮ ጎህ ሲቀድ፣ መዘውሩ ተዘግቶ ሳለ፣ እየጠለቀ ከቧንቧው አፍ አረም ይነቅል ነበር።

ባለቤቱ ሩፐርታ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ ሩፐርታ፣ አማዴዮ ነው ያሉት ምን አይተው ነው?»

«ምን አያለሁ? እሁድ በሰው ፊት ‹ውሃው ይብላህ› አለው። ይኸው በላው። በእጄ ያሳደግኩት ልጅ... ባልም የለኝ፣ ልጅም የለኝ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?»

ኦዲላ የሸሪፉን መኪና መስታወት አስወረደች።

«ብያለሁ» አለ አማዴዮ። ግንባሩ ተልጧል። «የውሃ ተራዬን ሁለቴ ዘለለብኝ፣ ተናደድኩ። እርስዎ ሲናደዱ ጸሎት ነው የሚያደርሱት?»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ብቻዬን። ይሄም ወንጀል ከሆነ ይጻፉት።» ወደ አክስቱ አየ። «እሷ ከልቧ ነው ያለችው? ይገድለዋል ብላ ታምናለች?»

ኦዲላ ቦዩን ተከትላ ወረደች። ወለሉ እርጥብ ነው። ወደ አማዴዮ ማሳ የሚያስገባው በር ግን በአፈር እንደተደፈነ ነው፤ አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እርጥበቱ እሱን አልፎ ሄዶ፣ ክፍት በተተወው፣ ሌያንድሮ በሚባል ገበሬ በር ላይ አበቃ። ከበሩ ወዲያ የቃሪያው ቅጠል እንደ አሮጌ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

ሬሳውን ያገኘው ሌያንድሮ ነው። የሟቹ አበልጅ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ሴሌዶኒዮ ነው።

«ጋሼ ሌያንድሮ፣ እንዴት አገኙት?»

«ማልጄ ልጠይቀው ብቅ ስል ባርኔጣው ብቻ ይንሳፈፋል። ዘልዬ ገባሁ። ክንዱ እስከ ትከሻው ቧንቧው ውስጥ ተወትፏል።»

«ለማውጣት አልከበደዎትም?»

«ኧረ ምን ይከብዳል፣ እንደ ቅጠል ነው የመጣልኝ። አጥንት ብቻ ሆኖ የለ? ‹አንተን ነፋስ እንጂ ሞት አይወስድህም› እለው ነበር» አለና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ወደ መዘውሩ ወርደው ነበር?»

«በየት ጊዜዬ? ከቤቴ ቀጥታ ወደ ኩሬው።»

ኦዲላ ሁሉንም ግድቡ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ አማዴዮም በካቴናው መጣ። አንድ ወፍራም ጣውላ በገመድ አስራ፣ ድንጋይ ጭናበት፣ በቧንቧው አፍ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ወርዳ መዘውሩን ከፍታ ተመለሰች።

«ሸሪፍ፣ ከጋሼ ሌያንድሮ ጋር ይሳቡት እስቲ።»

ሁለቱ ሰዎች ተረከዛቸውን አፈር ውስጥ ቀብረው ሳቡ። ገመዱ ከረረ። ጣውላው ንቅንቅ አላለም። ኦዲላ መዘውሩን ዘግታ፣ ቧንቧው እስኪሞላ ጠበቀችና ገመዱን በአንድ እጇ ሳበች። ጣውላው ከነድንጋዩ መጣ።

«ውሃ አይጎትትም፤ ይጫናል» አለች። «መዘውሩ ዝግ ሲሆን ቧንቧው ሙሉ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ቢጫን ከሥር ያለው ይመልስለታል። ሲከፈት ግን የሥሩ ቁልቁል ይሸሻል፣ የላዩም ያለ ከልካይ ይጫናል። በሰው እጅ ታፍኖ ቢሆን ትከሻው ላይ ያለው ክብ ከየት ይመጣል? ክንዱ ቧንቧው ውስጥ ሳለ መዘውሩ ተከፍቷል።»

«አማዴዮ ከፍቶት ይሆናላ» አለ ሸሪፉ።

«ለማን ብሎ? የሱ በር እንደተደፈነ ነው። ክፍት የነበረው የጋሼ ሌያንድሮ በር ነው፤ ተራቸው ሳይሆን።» ወደ ሌያንድሮ ዞረች። «ክንዱ ተወትፎ አገኘሁት፣ ብቻዬን እንደ ቅጠል አወጣሁት አሉኝ። አሁን ለሁለት ስባችሁ አልወጣም። እንደዚያ የሚያወጣው አስቀድሞ መዘውሩን የዘጋ ሰው ነው። ታዲያ አልወረድኩም ለምን አሉኝ?»

ሌያንድሮ መዳፉን አየ፤ ገመዱ ልጦታል።

«ቃሪያው እየሞተብኝ ነው» አለ። «ትንሽ ልሰርቅ ነበር። ከታች ሆኖ ኩሬው አይታይም፤ አረሙን ጨርሶ የወጣ መስሎኝ ነበር። ውሃው መጣ፣ ወዲያው ቀጥ አለ። አረም የዘጋው መሰለኝና... ገፍቶ ይሂድ ብዬ ጨምሬ ከፈትኩት። እስከ መጨረሻው።»

ሩፐርታ፣ «ልጁን ሲያስሩት ቆመህ እያየህ...» አለች።

«ዝም አልኩ» አለ ሌያንድሮ። «እሱ ነው ያልሽው ግን አንቺ ነሽ፣ አበልጄ።»

ሸሪፉ ካቴናውን ፈታ። ሩፐርታ ወደ አማዴዮ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

«ባቄላው እሳት ላይ ነው» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስክም። ና ግባ፣ የኔ ልጅ።»

አማዴዮ የእጁን አንጓ እያሻሸ ብዙ አያት። ከዚያ በአጠገቧ አልፎ ከግድቡ ወረደ፤ የቤቱን መንገድ ትቶ አስፋልቱን ያዘ።