የሰንዳ ገበያ መለከት

ነፋስ ባልነፈሰበት ቀን፣ ማንም ሳይነፋው፣ በሰንዳ ገበያ በር ላይ የተሰቀለው መለከት ጮኸ። ታሪማ ከአባቷ የማር ጋኖች አጠገብ ቆማ ገዢ እየጠራች ነበር። ድምፅዋ መንገደኛውን ከነግመሉ የሚያስቆም ነበር። ቀና ስትል የንጉሥ ጎርዛም ወታደሮች ጦራቸውን እንደያዙ በሩን ሲያልፉ አየች።

የኢልማር አገር ሰው ሁሉ የመለከቱን መሐላ ያውቀዋል። ቀዳማዊው ንጉሥ ዜባር በዚያ በር ቆሞ፣ «ከዚህ በር ወዲያ ዘውዴ እንደ ማንም ሰው ቆብ ነው። ሻጭ በወደደው ይሽጥ፤ ገዢ በወደደው ይግዛ። እኔም ሆንሁ ልጆቼ ቃላችንን ብንበላ ይህ መለከት ይጩህብን» ብሎ ነበር።

ጎርዛም መለከቱን አስወረደ። «ሕዝቤን ከአታላይ እጠብቃለሁ» አለ፤ ምናልባትም ከልቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን ምን በስንት እንደሚሸጥ ቤተ መንግሥቱ ይወስን ጀመር። ማር ለንጉሡ ግምጃ ቤት ብቻ ሆነ። የታሪማ አባት ቀፎዎቹን ትቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ መዋል ያዘ። ገበያው ጭር አለ። ታሪማን የናፈቃት ትርፉ አልነበረም፤ ጫጫታው ነበር። የቅመሙ ሽታ ከቆዳው ሽታ ጋር ሲደባለቅ፣ ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች በጣት ተከራክረው፣ ተሳስቀው ሲለያዩ።

«መለከቱን አመጣዋለሁ» አለችው ኦርዳንን፤ የንግድ መንገዱ የተዘጋበትን ሽማግሌ ባለግመል።

«ልጄ፣ ያለው በካርዙ ተራራ ዋሻ ነው። የሚጠብቀውም ድምፅ የሚበላው ዘንዶ ነው።»

«መንገዱን ያውቁታል?»

«ግመሎቼ ያውቁታል» አለና ኮርቻውን አነሣ።

በጨው በረሃ ላይ ክንፈ ብረት የሆኑ የንጉሡ ጭልፊቶች ወረዱባቸው። ኦርዳን ልጅቷን በገላው ሸፍኖ ተዋጋ፤ አንድ ዓይኑንም እዚያው አጣ። «ያንዱ ብርሃን ይበቃናል፤ እንሂድ» አላት።

ዘንዶው በዋሻው ተጠምጥሞ ጠበቃቸው። ታሪማ ከኦርዳን የተቀበለችውን ሰይፍ መዘዘች። «ሰይፍሽን ወደ ሰገባው መልሺ» አላት። «ጎርዛም ይህን መለከት እንድጠብቅለት የገበያውን ጫጫታ ሁሉ አብልቶኛል። ልትወስጂው ብትሺ የዚያን ያህል የሚጣፍጥ ድምፅ ስጪኝ።»

«የእኔን ውሰድ» አለ ኦርዳን።

«ያረጀ ድምፅ አያጠግበኝም።»

ታሪማ የሽማግሌውን ክንድ ያዝ አደረገች። «የእኔን ውሰደው» አለችው ዘንዶውን።

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም። ወድጄ ነው።»

ከዚያ የማር ጥሪዋን ለመጨረሻ ጊዜ ጠራች። ዋሻው ተቀበላት፤ ተራራው መለሰላት። ዝም ስትል መለከቱ እጇ ላይ ነበር፤ ጉሮሮዋም ባዶ ነበር።

መለከቱ በቦታው በተሰቀለ ጊዜ እጅግ ጮኸ፤ ከጩኸቱም ኃይል ጦሮች ከወታደሮቹ እጅ ወደቁ። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገበያውን ሞላው። ጎርዛም ራሱ ሰይፍ ታጥቆ መጣ፤ ዙሪያውን ቢመለከት የሚከተለው አንድም ሰው አልነበረም። ብዙ ከቆመ በኋላ ሰይፉን ፈትቶ ገባ። ማሩ ፊት ደርሶ፣ «ስንት ነው?» አለ። ታሪማ በጣቶቿ አሳየችው።

«ተወደደ፤ ቀንሺ።»

በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ንጉሡም ርካሽ ሊፈልግ ወደሚቀጥለው ሻጭ ሄደ። ማንም አልሰገደለትም፤ ማንም አልሰደበውም።

ዛሬ በሰንዳ ጫጫታ ውስጥ የሚያድጉ ልጆች የታሪማን ድምፅ አያውቁትም። ኦርዳንን ይጠይቁታል። እሱም «እንዲህ ነበር» ብሎ ሊያስመስልላቸው አፉን ይከፍትና መልሶ ይገጥመዋል፤ ግመሎቹን ውኃ ላጠጣ ብሎም ይነሣል።