ቀይ የለበሰችው መበለት

«ገዳይዋ ሚስትየው ናት!»

ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ ቀና አለች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው መነጽር ሰሪ ሰላምታውን ረስቶ ስልኳ ላይ አፍጥጧል። የምታየው ሰዉን ሁሉ ያነጋገረውን የወንጀል ድራማ ነበር። ባልየው ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ማን እንደገደለው ሳይታወቅ የመጀመሪያው ምዕራፍ አለቀ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሁለተኛው ብርጭቆ የማን ነው? በሩስ ከውስጥ እንዴት ተቆለፈ?

«እሷ አይደለችም!» አለችው።

«ታዲያ ብርጭቆው የማን ነው?»

«መጀመሪያ እንደምን ዋልሽ ይባላል!»

ተሳሳቁ። ከዚያ ወዲህ የሰውየው ልብስ መቀደድ አበዛ። ዛሬ ቁልፍ፣ ነገ ዚፕ... ሲመጣ ክርክር ነው፤ ደንበኞቹም ጎራ ለዩ። ጥግ ይዘው ቁልፍ የሚተክሉት አማቷ «ይሄ ሰው ቁልፉን ራሱ ነው የሚበጥሰው» እያሉ በሆዳቸው ይስቃሉ።

ልብስ ሰፊዋ ባሏን በመኪና አደጋ ካጣች ሁለት ዓመት አልፏል። መነጽር ሰሪው ግን አማቷን እናቷ፣ ጥቁር ልብሷንም የሥራ ልብስ አድርጎ ደምድሟል። የድራማውን ምስጢር ሲፈታ አፍንጫው ሥር ያለውን አላየም!

አንድ ጠዋት ቀይ ቀሚስ ለብሳ መጣች። እሱ ገና ከበሩ ጀመረ።

«ዛሬ አልምርሽም! የባሏ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ቀይ የለበሰች ያቺ የድራማው ሚስት ንጹሕ ናት ልትይኝ ነው?»

መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

«ልብስህን ውሰድ። ሌላ ሰፊ ፈልግ» አለችውና ወደ ጓዳ ገባች።

አማቷ እስከ ደጅ ተከተሉት።

«እኔ የባሏ እናት ነኝ። ልጄ ሞቷል። ጥቁሩን ያወለቀችው ዛሬ ነው... ለማን ብላ ይመስልሃል?»

«ምነው ምላሴን በቆረጠው!» አለ።

በማግስቱ ደንበኞቹ መሀል ቆመ።

«ስለ ሚስትየው ተሳስቻለሁ። ቀሚሷን አየሁ እንጂ እሷን አላየሁም። አንቺንም... ሳላውቅ አቆሰልኩሽ። ይቅር በይኝ።»

እሷ ቀና አላለችም፤ በስፌት መኪናዋ መስፋቷን ቀጠለች። አማቷ ግን ዝም አላሉም።

«ቅዳሜ አዲሱ ምዕራፍ ይጀምራል። እኛ ቤት መጥተህ እይ።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ? ቴሌቪዥኑ የእኔ ነው!»

ቅዳሜ ቤቱ በጎረቤት ጢም አለ። መርማሪው የብርጭቆውን ባለቤት አገኘው፤ የሟቹ የንግድ ሸሪክ! ሸሪኩም ባልየውን ገድሎ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ በጓሮ በኩል ማምለጡን አመነ። ሚስትየው ነጻ ተብላ አንገቷን ቀና አድርጋ ከፍርድ ቤት ስትወጣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ልብስ ሰፊዋ ሶፋው ላይ ዘላ ወጣች።

«አላልኳችሁም! አላልኳችሁም!»

እየሳቀች ታለቅሳለች። መነጽር ሰሪው መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበላት።

«አሸነፍሽኝ!»

«ይቅር ብዬሃለሁ...» አለችው ዝቅ ብላ።

«እንግዲያው አግቢኝ!» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ፈገግታዋ ጠፋ። «እማዬን ትቼ የትም አልሄድም።»

«ማን ሂጂ አለሽ? እኔ ነኝ የምመጣው!»

አማቷ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሲገልጡት እንባና ሳቅ ተደባልቆበታል።

«እሺ በይው እንጂ ልጄ! እኔ ልመልስለት?»

«እሺ!... እሺ!»

በወሩ ተጋቡ። መነጽር ሰሪው ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ በሩን የከፈቱለት እሳቸው ነበሩ።

«ግባ፣ የኔ ልጅ» አሉት።