የስልሳ ሦስት ቁጥር ጥገና

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ሴቶች ተሰብስበው አንዷ የሞተ ሰው መንገድ ላይ አገኘሁ፣ ሌላዋ ጭልሞ ደን ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁ ሲሉ፣ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ የምስቅ ነበርኩ፤ በዚያ ደን ብቻዬን ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ ከደን ጠባቂው በቀር ቁሚ ያለኝ የለም፣ እሱም ጭራሮ የሰረቅኩ መስሎት ነው። ግን እመኑኝ፣ ይህን የምነግራችሁን በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ፣ ያየሁትም በጠራራ ቀን፣ ገና ምሳ ሳልበላ ነው።

እግሬ ከጥንትም ማረፍ አይወድም። አንድ ዓመት እንጭኒ፣ ሁለት ዓመት ጉደር፣ ደግሞ አምቦ፣ እንዲሁ ስዞር የኖርኩ ነኝ፤ ጊንጪ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ የያዘኝ ግን የገበሬ ማህበሩ ወፍጮ ነው። ልጄ ቻልቱ እዚያ እህል ወደ ወፍጮው አፍ እየጨመረች ትሠራ ነበር፣ እኔን ደግሞ ወለል እንድጠርግ፣ ወረፋ እንዳስከብርና ቁልፍ እንድይዝ ቀጠሩኝ። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት፣ ስተኛም አላወልቀውም።

የወፍጮው መካኒክ ኦቦ መገርሳ ይባሉ ነበር፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጠባያቸው እንደ ማር፣ በአንድ ነገር ብቻ ግን ቀልድ አያውቁም፣ እሱም መዝገብ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ደብተር በምስማር ተሰቅሏል፣ አንዱ ቀይ ሽፋን፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ከመሃላቸው በሲባጎ የታሰረ እርሳስ። ቀዩ የብልሽት ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ቀጣዩ ቁጥር ይሰጠውና ምን እንደሆነ ይጻፋል። ሰማያዊው የጥገና ነው፤ ምን እንደተሠራ ይጻፍና መጨረሻው ላይ «ለብልሽት ቁጥር ይህን ያህል» ተብሎ ይዘጋል። ያ ቁጥር ካልገባ ሥራው እርሳቸው ዘንድ እንዳልተሠራ ነው።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አዴ ወርቄ፣ ነገ እኔ ሳልኖር አንዱ ይመጣና ይህን ብሎን ያየዋል። ‹ይህን ደግሞ የቱ ጅል ነው እዚህ የሰካው?› ብሎ ይነቅለዋል። ቁጥሩ ካለ ግን ቀዩን ገልጦ ለምን እንደገባ ያነባል፣ እጁንም ይሰበስባል።»

«ብሎኑ ራሱ አይነግረውም?»

«ብሎን የሚናገር ቢሆን እኔን ማን ይቀጥረኝ ነበር?» ብለው ሳቁ።

ኋላ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መጻፉ ወደ እኔ መጣ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ነው፣ ቻልቱን ድሬ ካበቃሁ በኋላ፤ ቁጥርም ያኔ ተማርኩ፣ ሦስትን ብቻ እስከ ዛሬ ፊቷን ወደ ኋላ አዙሬ ነው የምጽፋት፣ ያስተማረችን ልጅ አርማኝ አርማኝ ሰልችቷት ተወችኝ። እና ኦቦ መገርሳ ሞተሩ ሥር ተኝተው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሲያልቅ ይመጡና በዘይት የራሰ አውራ ጣታቸውን መስመሩ ጫፍ ላይ ጫን ያደርጋሉ። ያ ማኅተማቸው ነው። ቁጥሩ ካልገባ አይጫኑም።

እንግዲህ ጥፋቴ ይህ ነው። አንድ የገበያ ቀን ሞተሩ ሥር ገብተው ሲያንኳኩ ቆዩና «ጻፊ» አሉኝ፣ ጻፍኩ፦ «ከሞተሩ ቀኝ እግር ሥር የወይራ ሽብልቅ ገባ። ለብልሽት ቁጥር...»

«ስንት ልበል?»

አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ውጪ ሁለት ሴቶች በወረፋ ተያያዙ፣ አንዷ የሌላዋን ቁና ረገጠች፣ ጩኸት ሆነ፣ እኔም እርሳሱን ጥዬ ሮጥኩ። ስመለስ ኦቦ መገርሳ ላብ አጥምቋቸው ግድግዳ ተደግፈዋል። ያን ዕለት አምቦ ሆስፒታል ወሰዷቸው፣ በሦስተኛው ቀን ሬሳቸው መጣ። መስመሩ ክፍት ቀረ፣ ቁጥር የለው፣ የጣት አሻራ የለው። ቀዩን ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩት፣ ስልሳ ሁለት ብልሽት አለ፣ ስልሳ ሁለቱም ጥገናቸው ተጽፎላቸዋል። ያ ሽብልቅ ለምን እንደገባ የሚያውቅ ሰው አፈር ገባ።

በወሩ ታምሩ የሚባል መካኒክ ተመደበልን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ቀልደኛ ነው፣ ደብተሮቹንም ወደዳቸው። ሞተሩ ሥር ሲገባ ግን ሳቀ።

«አዴ፣ ይህ ምንድን ነው? የማገዶ እጥረት አለ ሲባል እናንተ ብረት ሥር ነው የምትደብቁት?»

«ኦቦ መገርሳ ናቸው ያስገቡት።»

«ለየትኛው ብልሽት?»

ሰማያዊውን አውርጄ ሰጠሁት። ገልጦ አየው፣ በእኔ ጽሕፈት የተጻፈ፣ ያላለቀ መስመር።

«ይህ እንጨት ሞተሩን አጋድሞታል፣ ኩሽኔታውን እየበላው ነው» አለኝ፣ አሁን አልሳቀም። «ቁጥሩን ካመጣሽልኝ አልነካውም። ካላመጣሽ ነገ ሥራ ሳንጀምር አወጣዋለሁ።»

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያያይዘው ረጅም የቆዳ ቺንጋ ነበር፣ ስንዝር የሚያህል ስፋት ያለው፣ የሚሽከረከረውም ቻልቱ ከምትቆምበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። ጀርባዋ ላይ ደግሞ ሌንሳ አለች፣ የልጅ ልጄ፣ ገና የስድስት ወር። ሽብልቁ ሲወጣ ምን ይሆናል? ምንም ላይሆን ይችላል። ግን ኦቦ መገርሳ ያለ ምክንያት አንዲት ብሎን እንኳ የማያጠብቁ ሰው ናቸው፣ ምክንያቱን ደግሞ ለሁለት ሴቶች ጠብ ብዬ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ይህ የሆነው ዓርብ ነው፣ ገበያው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ ዝናብ ወረደ፣ ሞተሩ ቆመ፣ ሰው ተበተነ፣ ታምሩ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ሻይ ቤት ሄደ፣ ቻልቱም ቤት ገባች። እኔ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ዱቄት ልጠርግ ጎንበስ ብያለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሌላ ድምፅ የለም።

ከዚያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።

ዝናብ ነው አልኩ፣ ፍሳሹ ቆርቆሮ እየመታ። ቀጠልኩ። ደግሞ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከዚያ ዝም። ወዳጆቼ፣ ያንን አመታት አውቀዋለሁ፤ ኦቦ መገርሳ በመፍቻ የሞተሩን እግር ሦስት ጊዜ ይመቱና ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፣ ያን ያህል ነው ዝም የሚሉት፣ ልክ ያን ያህል። መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ሞተሩ ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ ከጎኑ ገና ያልጠረግኩት ዱቄት ላይ ኮቴ እንኳ የለም። ያኔ ፍርሃት ያዘኝ ብላችሁ ዋሸሁ፤ የተሰማኝ እንደ ፍርሃት አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሊገለጥ ሲል ሰው ሁሉ እንደሚቆመው ያለ ነው፣ ጉልበቴ ራሱ ቀጥ አለ።

ዓይኔን ሳነሳ ግድግዳው ላይ እርሳሱ በሲባጎው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ቀስ እያለ፣ ሰው አሁን የለቀቀው ይመስል። ነፋስ ይሆናል? በሩ ተቀርቅሯል፣ መስኮት የለንም።

ሄድኩ፣ ሰማያዊውን ገለጥኩ። «ከሞተሩ ቀኝ እግር ሥር የወይራ ሽብልቅ ገባ። ለብልሽት ቁጥር 63።» ሦስቷ ፊቷን አዙራለች። የእኔ ሦስት ናት! የራሴ የእጅ ጽሕፈት! ከጫፉም የአውራ ጣት አሻራ፣ በዘይት፣ ገና እርጥብ።

አንቺው ራስሽ ጽፈሽው ረስተሽ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ስንት ሌሊት ለራሴ ብዬዋለሁ። ግን ያን ጠዋት መስመሩን ከታምሩ ጋር አይተነዋል፣ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ነበር። እጄ ደግሞ ዱቄት እንጂ ዘይት አልነካም።

ታምሩ ሲመለስ ደብተሩን ዘረጋሁለት። አየ፣ ቀዩን አነሳ፣ ገለጠ፣ ተመለከተኝ።

«አዴ ወርቄ፣ ቀዩ እኮ ስልሳ ሁለት ላይ ነው የቆመው። ስልሳ ሦስት የሚባል ብልሽት የለም።»

«አውቃለሁ።»

«እና ያልተበላሸ ነገር ነው የተጠገነው?»

«ልጄ፣ እኔ አልጻፍኩትም።»

«ሦስቷስ? እንዲህ ጀርባዋን ሰጥታ የምትቆም ሦስት ጊንጪ ውስጥ ካንቺ በቀር ማን ይጽፋል?» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ አዘነልኝም መሰለኝ። «ሰው ሲያዝን እጁ ይሠራል፣ አእምሮው አያውቅም። ግድ የለም።»

በዚያው ከሰዓት አንዲት ሴት ዱቄቴ ሻካራ ሆነብኝ ብላ መጣች፣ ታምሩም ቀዩን አወረደና እርሳሱን ያዘ። ያን ብልሽት ስልሳ ሦስት ብሎ ሊጽፈው ነው፣ ቁጥሩ ሊያዝ ነው። ከዚያ እንደገና ዱቄቱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ይህ ብልሽት አይደለም፣ ድንጋዩን ትንሽ ላጥብቀው» ብሎ ደብተሩን መልሶ ሰቀለው። ስልሳ ሦስት ቦታዋን ይዛ ቀረች። ያቺ ቁጥር ትጠብቅ ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሽብልቁን አወጣው። ሞተሩን ባዶውን አስነሳው፣ እውነቱን ልናገር፣ እንዲያ ለስልሶ ሄዶ አያውቅም።

«ሰማሽ፣ አዴ? እንደ ድመት!» አለኝ።

ወረፋው ደጅ ድረስ ሞላ፣ ቻልቱ ሌንሳን አዝላ ቦታዋ ቆመች፣ የመጀመሪያው ጆንያ ገባ፣ ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውን ልትዘረግፍ ስትል ከጩኸቱ ሁሉ ሥር ሰማሁት፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያም ዝም፣ ብረት የሚደመጥበት ያቺ ዝምታ፤ ሞተሩ እየጮኸ እንዴት ዝምታ ይሰማል አትበሉኝ፣ ተሰምቶኛል።

«ቻልቱ! ኮቱ! ወዲህ ነይ፣ ልጅሽ ርቧታል!»

«እማ፣ አሁን ጠባች እኮ!»

«ደግማ ትጠባለች! ነይ ብያለሁ!»

«ኧረ ወረፋው...»

«ኮቱ!» ብዬ እንዲያ ስጮህ ሰምታኝ አታውቅም። ጆንያውን ጣለችውና ወደ እኔ ሁለት ሦስት እርምጃ መጣች። ሞተሩ በቀኝ እግሩ ዘለል አለ፣ አንዴ ብቻ፣ ቺንጋው ከሚዞርበት መዘውር ወጣ፣ እንደ ጅራፍ ጮኾ ቻልቱ ቆማ የነበረችበትን ቦታ ገረፈው፣ ጆንያው ለሁለት ተተረተረ፣ የድንጋዩ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ጠባሳው አለ።

ታምሩ ሞተሩን አጠፋ። ዱቄቱ አየር ላይ ቀረ፣ አይወርድም፣ ሁላችንም ነጭ ሆነናል፣ ቅንድባችን ሳይቀር። ሌንሳ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና አነጠሰች።

ታምሩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቆየ። ከዚያ ተነሣ፣ ቀዩን አወረደ።

«የመጨረሻው ቁጥር ስንት ነበር?» አለኝ፣ እያወቀው።

«ስልሳ ሁለት።»

ጻፈ፦ «63። ሞተሩ በጭነት ጊዜ በቀኝ እግሩ ይዘላል፣ ቺንጋ ያስወጣል።» ከዚያ ሰማያዊውን አውርዶ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ብልሽቱ ዛሬ፣ ጥገናው ከሞተ ሰው እጅ፣ ከወር በፊት። አየኋቸው፣ አየኝ። ያ ቀልደኛ ሰው ሽብልቁን በሁለት እጁ፣ እንደ ሕፃን ይዞ ወሰደና ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ ወዲያ አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ቁጥሩን ሳይጽፍ እጁን ታጥቦ አያውቅም።

አሁን መንግሥት ተለውጦ ወፍጮው ቆሟል፣ ሞተሩን ነቅለው ወስደውታል። እኔ ሁለቱን ደብተሮች ይዤ አምቦ ቻልቱ ቤት ገባሁ፣ ሌንሳ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ሦስትን ቀጥ አድርጋ ትጽፋለች። ባለፈው ሰሞን ሥራ ፈትቼ ቀይና ሰማያዊውን አንድ በአንድ አመሳከርኳቸው፣ እያንዳንዱ ጥገና ብልሽቱን አገኘ፣ ቀዩ ሰማንያ ስምንት ላይ አለቀ። የሰማያዊውን የመጨረሻ ገጽ ግን ገለጥኩ።

እዚያ አንድ መስመር አለ። ምን እንደተሠራ የሚጻፍበት ባዶ ነው፣ አንዲት ፊደል የለችበትም። ከጫፉ ብቻ፣ በእኔው ጽሕፈት፣ «ለብልሽት ቁጥር 89» ይላል፣ ከጎኑም የአውራ ጣት አሻራ።

ወፍጮ የለም፣ ሞተር የለም፣ ቀዩንም የሚጽፍበት የለም። እና የምን ብልሽት ነው? ምኑስ ነው ከወዲሁ የተጠገነልን? ለቻልቱ አልነገርኳትም። ሌንሳ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ስትወጣ ደጃፍ ድረስ እሸኛትና፣ መንገዱን እስክትታጠፍ ቆሜ አዳምጣለሁ።

ትናንት አሻራውን በጣቴ ነካ አደረግኩት። ጣቴ ጠቆረ።